ባለቤቱ ያልተጠየቀ ጠመንጃ

ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን እንደ አንድ ማለዳ የሚያይ፣ በሰው ልጅ ጓዳ የተከደነው ሁሉ በፊቱ የተገለጠ እግዚአብሔር ይህን ነገር ከእኛ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሚዛኑም በእጁ ነው። እኛ የምንናገረው እርሱ በፈቀደልን ሰዓት የሰማነውን ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን ለእርሱ እንተዋለን።

ሉኤላ ብሩንስ ጠመንጃዋ መሸጡን የሰማችው በገዛ ሰርጓ ገበታ ላይ ነበር። በዴይተን ከተማ ምሥራቃዊ ሰፈር፣ ከደብሩ ሥር ባለው አዳራሽ፣ እንግዳው ሁሉ የዶሮ ጥብሱን ከተፈጨ ድንች ጋር እየበላ ሳለ፣ ቢራ አንደበቱን የፈታለት አንድ አጎቷ ብርጭቆውን አንሥቶ «ብሉ እንጂ! ምን ታፍራላችሁ? ይህ ሁሉ ዶሮ ከሉኤላ ድርብ አፈሙዝ የወጣ ነው!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራይቱም ነገሩ ቀስ በቀስ እየገባት፣ ሙሽራ በገበታዋ ላይ አታለቅስምና ከሰው ሁሉ ጋር ሳቀች። አባቷ ግን አንገቱን ደፍቶ ሥጋ ይቆርጥ ነበር። ጠመንጃው የሸክላ ዒላማ መምቻ ነው፤ የዋጋውን ግማሽ ከፖስታ ፋብሪካ ደመወዟ ቆጥባ፣ ግማሹን አባቷ ጨምሮላት የተገዛ፣ ሰደፉም በትከሻዋና በጉንጯ ልክ የተጠረበ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ሸክላ በዚያ ጠመንጃ እያደቀቀች የሰበካውን ወንዶች ሁሉ ታሸንፍ ነበር። ከዚያ ሰርግ በኋላ አባቷም፣ እናቷም፣ ታላቅ ወንድሟ ኖርበርትም ስለ ጠመንጃው አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እሷም አልጠየቀችም። አባትና እናት ወደ መቃብር ወረዱ፤ ባሏም ተከተላቸው፤ ልጆቿ በየከተማው ተበተኑ። ዝምታው ብቻ ከቤት ወደ ቤት አብሯት እየተዛወረ ኖረ።

በአንድ የኅዳር ቅዳሜ ጠዋት፣ ስድሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ሉኤላ በወጥ ቤቷ መካከል ቆማ፣ የመጥረጊያውን እንጨት በቀኝ ትከሻዋ ላይ አሳርፋ፣ ጉንጯን አስጠግታ፣ ከማቀዝቀዣው በላይ በተሰቀለው የደብሩ ቀን መቁጠሪያ ላይ አነጣጥራ ነበር። የጋዝ ሒሳብ ከተወደደ ወዲህ ሁለቱን ክፍሎች ዘግታ የምትኖረው በወጥ ቤቱና በመኝታ ቤቱ ብቻ ነው። በምድር ቤት ያለው አሮጌ ማሞቂያ በየሰዓቱ እንደ ሕመምተኛ ያቃስታል፤ ለመለወጫው ያስቀመጠችውን ገንዘብ ትናንት ከባንክ አውጥታ በፖስታ አድርጋ በካፖርቷ ኪስ ከትታዋለች። ማክሰኞ ማታ ኖርበርት ስልክ ደውሎ «ተገኘ» ብሏት ነበር። ምኑ እንደተገኘ አልጠየቀችውም። ከዚያ ጀምሮ እጇ ባዶ ሲሆን አንዳች ነገር ወደ ትከሻዋ ማንሣት ይቃጣት ነበር። የጓሮው በር ተከፈተና ኖርበርት ራሱ ብርድ አስከትሎ ገባ። እህቱን በዚያ ሁኔታ ሲያያት አልሳቀም።

«ክርንሽ ወድቋል፤ ከፍ አድርጊው» አላት።

«ማንኳኳት የሚባል ነገር አልተማርክም?»

«ስድሳ አራት ዓመት ያልተማርኩትን ዛሬ ልማር? ነይ፣ ሰውየው ከቀትር በፊት ነው የቀጠረን።»

መጥረጊያውን በቦታው አቁማ፣ ከትናንት የተረፈውን የዱባ ኬክ ለወንድሟ በወረቀት ጠቅልላ ወጣች። የተዘጉትን ፋብሪካዎች፣ መስኮታቸው በጣውላ የተመታባቸውን ቤቶች፣ አባታቸው ሃያ ስምንት ዓመት የሠራበትን ሣር የበቀለበትን ግቢ አለፉ። ኖርበርት ባለፈው ሳምንት በተኩስ ክበቡ መኪና ማቆሚያ ረስል ፉስነር የሚባል ሰው ከመኪናው ኋላ ጠመንጃ አውጥቶ ሲያሳየው፣ በሰደፉ እንጨት ላይ ያለውን ጥቁር ሞገድ አይቶ እንዳወቀው ነገራት። «እንደ ጎርፍ ውኃ ወደ ታች የሚወርደውን። ትዝ ይልሻል?» አላት። ትዝ ይላታል። ነገር ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች «ስንት ይላል?» ብቻ አለች። «ሁለት ሺሕ ዶላር። አይበዛም» አለ ኖርበርት፤ ከዚያ ወዲያ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሉኤላም ወንድሟ ይህን ያህል ተጣድፎ ስለ ማን ብሎ እንደሚሮጥ አስባ ልትደርስበት አልቻለችም፤ ኖርበርት ለራሱም ቢሆን የማይቸኩል ሰው ነበርና።

በክበቡ ዘንድ ዕለቱ የሥጋ ውድድር ነበር። ያሸነፈ የታጠነ የአሳማ ታፋ ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ የሰፈሩ ጡረተኛ ሁሉ ወጥቶ በበርሜል ውስጥ የሚነድ እሳት ከብቦ ቆሟል። ተኩሱ በየጥቂት ጊዜው ይሰማል፤ ጢስና የተቃጠለ ባሩድ ይሸታል። ከእሳቱ ዳር አንዱ «ኖርበርት! ዘንድሮም ታፋህን ከሱቅ ገዝተህ ነው ለሚስትህ አሸነፍኩ የምትላት?» ሲል ጮኸ። «ያንተ ሚስት ናት ሱቁን የጠቆመችኝ!» ብሎ መለሰለት፤ ሳቁ ግን በደንብ ሳይወጣለት እህቱን እየመራ ከክበቡ ቤት በስተ ኋላ ወዳለው የዕቃ ክፍል ገባ። ጠባብ ክፍል ነው፤ የሸክላ ዒላማዎች ካርቶን እስከ ጣራ ተደርድሯል፤ በአንዲት መስኮት በኩል የገረጣ ብርሃን ይገባል፤ ከብርሃኑ በታች ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በአሮጌ ፎጣ ላይ ተጋድሞ ጠመንጃው ነበር። ረስል ፉስነር የሚባለው የሃምሳ ዓመት ሰው የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያዞረ ቆሟል።

«የአባቴ ነው» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካውም። ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ እየበላ ነበር።»

ሉኤላ «ልንካው?» ብላ ፈቃድ ጠየቀች። ሲፈቀድላት ጠመንጃውን ከፍታ ሁለቱ የጥይት ቤቶች ባዶ መሆናቸውን በዐይኗ ብቻ ሳይሆን በጣቷም አረጋገጠች። ማጠፊያው ያለ ድምፅ፣ በቅቤ እንደሚገባ ቢላዋ ሆኖ ታጠፈላት። ሥራውን በሥርዐቱ ጀመረች፤ አባቷ ያሮጌ ጠመንጃ ገበያ ይዟት ሲሄድ ያስተማራት ሥርዐት ነው። አፈሙዞቹን ከአካሉ አላቅቃ በአንድ ጣቷ አንጠለጠለችና በጣቷ አንጓ መታ አደረገቻቸው። ጥርት ያለ ድምፅ ወጥቶ በክፍሉ ውስጥ ዘገየ። «ይሄ ደወል ነው እንጂ አፈሙዝ ነው?» አለ ኖርበርት። «ብየዳው ላልቶ ቢሆን እንደ ቆርቆሮ ነበር የሚንጫጫው።» እውነቱን ነው። አፈሙዞቹን ወደ መስኮቱ አቅንታ በውስጣቸው አየች፤ የብርሃኑ ክቦች ሳይሰበሩ እስከ ጫፍ ይሄዳሉ፤ እብጠትም ስርጉደትም የለም። መልሳ ስትገጥመው ግን፣ በአዲስነቱ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ የሚቆመው የመክፈቻ ዘንግ ከመካከሉ አልፎ ወደ ግራ ሄደና ቆመ። ብረት ከብረት ጋር ዓመታት ሙሉ ሲፋተግ እንደኖረ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

«ገና ወደ ቀኝ ነው» አለ ኖርበርት።

«ወደ ቀኝ የሚታይህ በዚያ በኩል ስለቆምክ ነው። ዙርና እየው።»

«ትንሽ ነው። የሚያሳስብ ነገር አይደለም።»

«ኖርብ፣ ዝም በል እስቲ።»

የፊት እጀታውን እንጨት አውልቃ ጠመንጃውን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ጥርስ ከጥርስ ሲነካካ ከሚሰማው ያነሰች ጠቅታ ሰማች። ማጠፊያው ተበልቷል፤ ባለሙያ ቢያጠብቀው ግን ይድናል። ከሰደፉ አንገት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አለች፤ በማጣበቂያ ተይዛለች፤ የያዛት እጅ ታጋሽ እጅ ነበር። የሰደፉ ጫፍ ሌላ እንጨት ተጨምሮበት ረዝሟል፤ የጠመንጃው ሰው ከእሷ በጣም ረጅም መሆን አለበት። ጉንጭ በሚያርፍበት ላይ ለስላሳ ጨርቅ ተለጥፎበታል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ያ ጥቁር ሞገድ እንዳለ ነበር። በአእምሮዋ ሁለት ነገር ለየች፤ እነርሱም ጥንካሬውና ዋጋው ናቸው። በጥንካሬው ጠመንጃው ገና አንድ ትውልድ ያገለግላል። በዋጋው ግን፣ በሌላ ሰው ልክ የተለወጠ ዕቃ ገዢው ጥቂት ነውና፣ ከሁለት ሺሑ ሩቅ ነው። ኖርበርት ይህን ሁሉ ከእሷ እኩል ያውቃል። ታዲያ ለምን እንደ ሻጭ ያሞግስላታል?

በመጨረሻ ምላጩን ልትፈትን ኖርበርት ከኪሱ ያወጣውን ባዶ የልምምድ ጥይት አጎረሰችውና አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርጋ ምላጩን ሳበች። ምንም አልሆነም። ጣቷን ፈታ ስታደርግ ግን ቀጭ! አለ። ረስል ደነገጠ። እንዲህ ያለው ምላጭ ሲስቡት ሳይሆን ይዘው ሲለቁት የሚተኩስ ነው። ለብዙ ዓመት ሲተኩሱ የኖሩ ሰዎች አንዳንዴ ጣታቸው ይደነዝዛል፤ ዒላማው እየበረረ በፊታቸው፣ ሳብ ቢሉት እምቢ ይላቸዋል፤ መሳብ ያቃተው ጣት ግን መልቀቅ ይችላል፤ ስለዚህ ምላጩን ያስለውጣሉ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ሰደፉ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። በዚህኛው ላይ የማጣበቂያው ዱካ ብቻ ነው የቀረው።

«ይህን አልነገርከንም» አለች ሉኤላ ወደ ረስል ዘወር ብላ። «የማያውቅ ሰው አንሥቶት ቢሆንስ?»

«ወረቀቱ መውደቁን አላየሁም። እኔ አልተኩስም» አለ፤ ፊቱ ቀላ።

ያን ጊዜ ነው ቀድሞ ያየችውንና ያለፈችውን ነገር ሁሉ ልቧ መልሶ የሰበሰበው። የሁለት ዓመት አቧራ በላ የተባለ ጠመንጃ ማጠፊያው በቅቤ እንደሚሄድ ቢላዋ አይታጠፍም። የማጠፊያው ግራሶ አዲስ ነው፤ የዚህ ሳምንት ነው። ነጭ መሐረቧን አውጥታ ከቀለህ ማውጫው በታች ጠረገች፤ ጥቁሩ ጥላሸት ርጥብ ሆኖ መጣ፤ አሸተተችው። የሁለት ዓመት ባሩድ አይሸትም። ጉንጭ የሚያርፍበትን ጨርቅ በጀርባ እጇ ነካችው፤ ገና በሰው ላብ እንደወዛ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት በዚህ የተኮሰ ማን ነው?» አለች።

ረስል ቁልፉን ማዞሩን አቆመ። አባቱ በክበቡ ቤት ምሳ እየበላ መሆኑን፣ ጠመንጃውንም «ኖርበርት የሚባል ሰው የምላጩን ሞላ ያይልሃል» ብሎ ከእጁ እንደወሰደው፣ ከዚያም «ተሰብሯል፣ አይጠገንም» ሊለው እንዳሰበ ወደ መሬት እያየ ተናገረ። ኖርበርትም የሰማው አሁን ነበር። የእህቱን ክንድ ይዞ ወደ ካርቶኖቹ ጥግ ወሰዳትና በሹክሹክታ ተናገራት።

«ሉ፣ ከፍለሽው እንሂድ። ያንቺ ነው።»

«የማን እንደነበር አውቃለሁ።»

«ታዲያ? አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?»

ከሰርጉ ቀን ወዲህ ከዚያ ቤተ ሰብ አንዱ ይህን ሲል የመጀመሪያው ነበር። ሉኤላ ወደ ጠረጴዛው ተመልሳ ባዶውን ጥይት አወጣች፤ ጠመንጃውን አንሥታ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ በትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ሰደፉ ረዘመባት፤ ጉንጯ ከማታውቀው ሰው ላብ ጋር ተገናኘ፤ ዐይኗም ወደ መስመሩ ሳይሆን ወደ ላይ አመለጠ። ቀኝ እጇ ብቻ የአንገቱን እንጨት ያለ አንዳች ፍለጋ አገኘው፤ ጣቶቿ አንድ በአንድ በየስፍራቸው ገቡ። የፋብሪካው ደወል፣ የበጋው የሣር ሽታ፣ ያባቷ እጅ በትከሻዋ ላይ፣ «እንዲህ ነው ልጄ» የሚለው ድምፁ ሁሉ በዚያ እንጨት ውስጥ ነበረ። በኪሷ ያለው ገንዘብ ይበቃል። ሻጩ ፈቅዷል። በሩ ላይ የሚያቆማት ሰው የለም። ጠመንጃውን ከትከሻዋ አወረደችው፤ ከፈተችው፤ ለሁሉ እንዲታይ ክፍቱን በክንዷ ላይ ታቅፋ ወደ ክበቡ ቤት ሄደች።

አዛውንቱ ክሌተስ ፉስነር በጥጉ ጠረጴዛ የባቄላ ሾርባቸውን ከበቆሎ ዳቦ ጋር ይበሉ ነበር፤ ተቀምጠውም እንኳ ረጅም ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ይመስላሉ። ጠመንጃቸውን በሴት ክንድ ላይ ሲያዩ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ሞላው ምን ሆኖ ነው እመቤቴ?»

«ሞላው ደህና ነው። አባት፣ ይህን ጠመንጃ ይሸጡታል?»

አዛውንቱ ከኋላዋ በር ላይ ወደቆመው ልጃቸው ዐይናቸውን አነሡ። ረስል ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለፈው ወር አባቱ ምላጩን ስበው ይዘው ዒላማ ይወርወር ብለው ሲጠሩ ዒላማው ተሰብሮ እንደወጣ፣ እሳቸውም ምላጩን መያዛቸውን ረስተው ጎረቤታቸውን ሊያነጋግሩ ዞር ሲሉ ጣታቸው እንደላላ፣ ጥይቱም በሰውየው ጫማ አጠገብ መሬቱን እንደቆፈረው ተናገረ።

«አባዬ፣ የሰው እግር ነበር። አንድ ስንዝር ቢጠጋ ኖሮ…»

«አውቃለሁ። ያን ሌሊት ሳልተኛ ነው ያደርኩት።» ክሌተስ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ትልቅ፣ ነጠብጣብ የበዛበት እጅ ነው። «ግን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እምቢ ትለኛለህ ብዬ ነዋ!»

«አዎ፣ እምቢ እልህ ነበር። ከዚያ ትጨቀጭቀኝ ነበር፤ ሦስት ቀን አኮርፍህ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ታሸንፈኝ ነበር። ይህችን ሁሉ ድካም ፈርተህ ነው ሌባ የሆንከው?»

ረስል ሳይታሰብ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያውም ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አዛውንቱ ወንበር ስበው ልጃቸውን አስቀመጡት፤ የቀረውንም ዳቦ ወደ እርሱ ገፉለት። ከዚያም ወደ ሉኤላ ዞረው ጠመንጃውን ስንት እንደገመተችው ጠየቋት። ያየችውን ሁሉ ሳትቀንስና ሳትጨምር ነገረቻቸው፤ ዘንጉን፣ ጠቅታውን፣ ስንጥቁን፣ የረዘመውን ሰደፍ፣ ምላጩን፤ በመጨረሻም «ከአንድ ሺሕ ብዙ አይበልጥም» አለች።

«ይሄ ልጅ ስንት ብሎሽ ነበር?»

«ሁለት ሺሕ።»

«ሌባ ብቻ ሳይሆን ነጋዴም ወጥቶታል!» አሉ ክሌተስ። «ግን ጠመንጃውን እንደ ባለቤቱ ነው ያየሽው። ከየት ታውቂዋለሽ?»

ከኋላዋ «የእሷ ነበር» አለ ኖርበርት። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩት፤ ፊቱን ከብዙ ዓመት ወዲያ እንደሚፈልጉ ሆነው ቆዩና፣ ጠመንጃውን በደብሩ ጀርባ ከአንድ የልጅ አባት እንደገዙት፣ ሰደፉ ለልጅ እግር ሴት ትከሻ የተጠረበ መሆኑን አይተው «ልጅቷስ ታውቃለች?» ብለው እንደጠየቁት ነገሯቸው። «'ራሷ ናት ሽጥልኝ ያለችኝ' አለኝ። መኪናው ውስጥ አንድ ጎልማሳ መሪ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።» ኖርበርት አሁንም አንገቱን ደፋ። «እኔ ነበርኩ፤ ሰምቼ ዝም አልኩ» አለ። ሉኤላ ወንድሟን አየችው። ጠዋት በመኪናው ውስጥ ያልደረሰችበትን መጣደፍ፣ ወደ ግራ የሄደውን ዘንግ ወደ ቀኝ ነው ያሰኘውን ነገር አሁን አወቀችው። ቁጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ የመጣው ግን ሌላ ነው። አባቷ መዋሸት አስፈልጎት ነበር። ሰው የማያፍርበትን ነገር አይዋሽበትም፤ እንግዲያስ ያቺ በገበታው ላይ የተደፋች አንገት ታውቅ ነበር ማለት ነው። እጇን ዘርግታ የኖርበርትን እጅጌ ያዘች፤ ቶሎም አልለቀቀችውም።

ክሌተስ ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳቸውን አውጥተው በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት አወጡ። ያ የጥንቱ ምላጭ ነው፤ ሲስቡት የሚተኩሰው፤ ከነቤቱ ወልቆ ሲቀመጥ የኖረ። «ይህን መልስልኝ» ብለው ለኖርበርት ሰጡት። «ያኛው ከእንግዲህ አይገባም።» ረስል «በዚህ አንዱንም አትመታም አባዬ» ቢላቸው፣ «አልመታማ! ሰማንያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የሳትኩት፤ የዘንድሮው ምን ልዩ ነው? አንተ ከኋላዬ ትቆማለህ፤ ዞር ካልኩ ትጮህብኛለህ» አሉት። ኖርበርት የጥንቱን ምላጭ በቦታው ገጠመው። ሲጨርስ አዛውንቱ ጠመንጃውን አልተቀበሉትም፤ ሉኤላን ነበር የሚያዩት።

«ያኔ የጠየቅሁት አባትሽን ነው» አሏት። «መጠየቅ የነበረብኝ አንቺን ነበር። ዘግይቻለሁ፤ ልጠይቅሽ። ትፈልጊዋለሽ ልጄ?»

በዚያ ክፍል የሾርባ ሽታ ነበር፤ የሰዎች ወሬ ነበር፤ ከውጭ ተኩስ ይሰማ ነበር። ሉኤላ ለባሏም፣ ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም ያልተናገረችው ቃል ከአፏ ሲወጣ ድምፁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ መሰላት።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «በጣም እፈልገዋለሁ።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልሰጥሽም» አሉ በዝግታ። «ቆሜ እያለሁ አልሰጥሽም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ፊቷ በእንባ ርሶ ፈገግ አለች። በድምፅ ማጉያው የፉስነር ስም ሲጠራ ጠመንጃውን እንደተከፈተ፣ ሰደፉን አስቀድማ፣ በሁለት እጇ አስረከበቻቸው። ከዚያ በመስኮቱ አጠገብ ቆማ አባትና ልጅ ተከታትለው ወደ መተኮሻው ሲሄዱ አየች። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ሳቱ፤ ሁለተኛውንም ሳቱ፤ ከእሳቱ ዳር ሰዎች አላገጡባቸው። እሷ ግን በእያንዳንዱ ተኩስ ቀኝ ትከሻዋ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ወደ ኋላ ይል ነበር።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ቤታችሁን እግዚአብሔር ይጠብቅ። ከቤታችሁ የሚሸጠውም የሚሰጠውም ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይውጣ፤ የተጠየቀውም የልቡን የሚናገርበት አፍ፣ «አልሰጥም» ቢባልም የሚችልበት ሰላም አይጣ። ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ አይሸምግሉ። ለዘለዓለሙ አሜን።